ትምህርቱ ከሩቅ፣ ኃላፊነቱ ከቅርብ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኢንተርኔት መሰጠቱና በ2017 ዓ.ም. ይኸው አሠራር ይበልጥ መስፋፋቱ የሚታወስ ነው። እርምጃው የፈተና አሰጣጥን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ጠለቅ ተብሎ ሲታይ ግን የገበሬውን ልጅ የወደፊት ዕድል በቀጥታ የሚነካ ሆኖ ይገኛል። ዘመኑን ሁሉ በደብተርና በእስክርቢቶ ሲማር የኖረ ልጅ በፈተናው ዕለት ድንገት ከኮምፒዩተር ፊት ቢቀመጥ ከጥያቄው ጋር የሚያደርገው ትግል ሳያንሰው ከመሣሪያው ጋርም መታገሉ አይቀርም።

ፈተናው ራሱም ቀላል አይደለም። በዚህ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ነበሩ። ውጤቱ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. መሻሻል ቢያሳይም በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከመቶ ተማሪዎች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ገና ከመስመሩ በታች ነበሩ። ስለሆነም ከመደበኛው ክፍል ውጭ ልጆችን የሚደግፍ ተጨማሪ ትምህርት አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም። ጥያቄው ይህ ድጋፍ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን ወይም በኢንተርኔት ሲመጣ ከገበሬው ቤት እንዴት ሊደርስ ይችላል የሚለው ነው።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው። በአንድ በኩል ፋብሪካዎችና መጋዘኖች፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል ደግሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ይታያሉ። በሌላ በኩል ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ምስር የሚበቅልበት ጥቁር አፈርና በአቃቂ ወንዝ ዳርቻ በመስኖ የሚለማ የአትክልት ማሳ አለ። ከተማው በሰፋ ቁጥር የእርሻው መሬት እየጠበበ መሄዱን የአካባቢው ገበሬዎች ከማንም በላይ ያውቁታል። አባት ያረሰውን መሬት ልጁ ላያርሰው በሚችልበት አካባቢ ለልጁ የሚተርፈው ዋነኛ ርስት ትምህርት ነው። እንግዲህ ትምህርቱ የሚመጣበት መንገድ የገበሬውን ልጅ ወደ ጎን ትቶ የሚያልፍ ከሆነ ጉዳቱ ድርብ ይሆናል።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትዝታ

የገበሬ ማኅበራት በትምህርት ሥራ መሳተፍ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ማኅበራቱ ቢያንስ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር መሬት ላይ እንዲቋቋሙ ከደነገገ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው በመጀመሪያው ዙር በከተሞች ላይ ካተኮረ በኋላ በተከታዮቹ ዙሮች ወደ ገጠር ሰፋ። በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1980 ደግሞ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል።

በዚያ ሥራ መጽሐፉና ዕቅዱ ከማዕከል ሲመጣ የመማሪያውን ዳስ የሠራው፣ ለዘማቹ መምህር ማደሪያና ምግብ ያቀረበው፣ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ የተከታተለው የየአካባቢው ማኅበር ነበር። የፊደሉ ሰሌዳ በየመንደሩ ሊሰቀል የቻለው አጠገቡ የሚቆም ኃላፊ በመኖሩ ነው።

ዘመቻው ጉድለት አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። በብዙ ሥፍራ ሰው በግዴታ ይሰበሰብ ስለነበር ቁጥሩ ሲያድግ ፍላጎቱ ሳያድግ ቀርቷል። ማንበብ ከቻሉትም መካከል ብዙዎቹ ቀጥሎ የሚያነቡት ነገር በማጣት ፊደሉን መልሰው ረስተውታል። ዛሬ በኢንተርኔት ትምህርት ለመጀመር የሚያስብ ሁሉ ከዚህ የሚማረው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ሥራው በቅርብ ኃላፊ ካልተያዘ የማይሄድ መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው የመዝገብ ቁጥር ብቻውን የትምህርት ውጤት አለመሆኑ ነው።

የፕላዝማው ትምህርት ያስተማረው

በ1997 ዓ.ም. በአገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሰራጭና በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሌሎችም ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ተዘጋጅተው ከአንድ ማዕከል በአንድ ሰዓት ለሁሉም ይሰራጩ ነበር። ዓላማው የሠለጠነ መምህር ያጣ የገጠር ትምህርት ቤት በከተማ ካለው እኩል እንዲማር ለማድረግ ስለነበር የሚደገፍ ነው።

ሆኖም በሥራ ላይ ሲውል ሦስት ችግሮች ጎልተው ታዩ። የመጀመሪያው መብራት በጠፋ ጊዜ የዚያ ዕለት ትምህርት አልፎ የሚሄድ መሆኑ ነው። ሁለተኛው የስክሪኑ መምህር ተማሪው ገባው አልገባው ሳይል በራሱ ፍጥነት ይቀጥል ስለነበር፣ በተለይ እንግሊዝኛው ለከበደው የገጠር ልጅ መከተል አዳጋች ነበር። ሦስተኛውና ዋነኛው በክፍሉ ውስጥ ያለው መምህር በመጀመሪያና በመጨረሻ ከሚሰጡት ጥቂት ደቂቃዎች በቀር ከተመልካች ብዙም ያልተሻለ ሥፍራ የተሰጠው መሆኑ ነው። መምህሩ አስቁሞ ሊያስረዳ፣ ወደ ኋላ መልሶ ሊያሳይ አይችልም ነበር።

ከእነዚህ ችግሮች ሁለቱን ዛሬ በቀላሉ ማቃለል ይቻላል። የተቀዳ ትምህርት መብራት ሲመጣ ይከፈታል፤ መምህሩም ባሻው ቦታ አስቁሞ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ያብራራል። ሦስተኛው ግን የአሠራር ጉዳይ በመሆኑ በመሣሪያ አይፈታም። ሰውን ከክፍሉ የሚያስወጣ ወይም ዝም የሚያሰኝ ፕሮግራም የቱንም ያህል ገንዘብ ቢፈስበት ውጤቱ ውሱን ይሆናል።

ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ቫይረስ ምክንያት በመላው አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ነገሩ ዳግም ተፈተነ። የአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በሬዲዮና በቴሌቪዥን፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደግሞ በቴሌግራም ትምህርት ማሰራጨት ጀመረ። ዝግጅቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መድረሱ የሚመሰገን ነው።

የተቀባዩ ወገን ሁኔታ ግን እኩል አልነበረም። ቴሌግራም ዘመናዊ ስልክ፣ የዳታ ገንዘብና መብራት ይጠይቃል። በአንድ የገበሬ ቤት ስልክ ቢኖር እንኳ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ እሱም ከአባትየው ጋር ወደ ማሳ ወይም ወደ ገበያ ይሄዳል። በቤቱ ሦስት ተማሪዎች ቢኖሩ ተራው ለታላቅየው ወንድ ልጅ ይደርስና ሴቷ ልጅ ወደ ውኃና ወደ ማጀት ትመለሳለች። በሌላ በኩል በሬዲዮ የሚሰጠው ትምህርት ዳታ ስለማይፈልግ ወደ ብዙ ቤት ሊገባ ቢችልም ልጁ ያልገባውን የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ አልነበረም። ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው ሲከፈቱ ተማሪዎች ሰባት ወር ያህል ከክፍል ርቀው ቆይተው ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በየቤቱ ባለ ስልክ ላይ ብቻ የተመሠረተ ፕሮግራም ስልክ ያለውን ይጠቅማል፤ የሌለውን ይበልጥ ወደ ኋላ ያስቀራል። ስለዚህ የገበሬው ልጅ እንዲጠቀም ከተፈለገ የትምህርቱ መቀበያ ሥፍራ በግለሰብ ኪስ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ የጋራ ሊሆን ይገባል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

በሌሎች አገሮች የታየውም ይህንኑ ያጠናክራል። ሜክሲኮ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1968 መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ላልደረሳቸው የገጠር ልጆች በቴሌቪዥን ማስተማር ስትጀምር የያዘችው 304 ክፍሎችንና ከ6,500 ጥቂት የበለጡ ተማሪዎችን ነበር። የመንደሩ ነዋሪ ቤት ያቀርባል፤ በእያንዳንዱ ክፍል ሁሉንም ትምህርት የሚከታተል አንድ መምህር ይመደባል። ልጆቹ አጭር ሥርጭት ካዩ በኋላ በመጽሐፍና በመልመጃ ከመምህራቸው ጋር ይሠራሉ። ፕሮግራሙ በዚህ መንገድ ቀስ በቀስ አድጎ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችን ሊያቅፍ በቅቷል።

ኮትዲቯር ደግሞ በ1971 በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ሰፊ የቴሌቪዥን ትምህርት ዘርግታ ነበር። በከፍተኛ የውጭ እርዳታ የተቋቋመው ይህ ሥራ ወጪው ከብዶ፣ የወላጆችና የመምህራን ቅሬታም በዝቶበት በ1982 ተቋረጠ። አንደኛው ከትንሽ ተነሥቶ በመንደሩ ተሳትፎ አደገ፤ ሁለተኛው ከላይ በትልቁ ወርዶ ወደቀ።

በአገራችንም ትምህርት ሰጪ ሙከራ ተካሂዷል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2012 አንድ የአሜሪካ የበጎ አድራጎት ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሃያ ሃያ ያህል ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ መምህር ሰጥቶ ነበር። ሕፃናቱ መሣሪያውን ራሳቸው ከፍተው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደላትን መዘመር ጀመሩ። በሥፍራው ኢንተርኔት ስላልነበረ አንድ ባለሙያ በየሳምንቱ እየሄደ የታብሌቶቹን ሚሞሪ ካርድ ይለውጥ ነበር። ይህ ሙከራ የገጠር ልጅ መሣሪያ እንደማያስፈራውና ያለ ኢንተርኔትም መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። ፊደል ከመዘመር አልፎ ሒሳብና ሳይንስ ለመማር ግን አስተማሪ የማያስፈልግ መሆኑን አላረጋገጠም።

በአቃቂ ቃሊቲ ዙሪያ ምን ሊደረግ ይቻላል?

ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ ያመራሉ። ትምህርቱ ከሩቅ ሊመጣ ይችላል፤ ኃላፊነቱ ግን ከቅርብ መሆን አለበት። የክፍለ ከተማው የትምህርት ጽሕፈት ቤትና ትምህርት ቤቶች ትምህርቱንና መምህሩን ሲያቀርቡ በየአካባቢው ያሉ የገበሬዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ደግሞ ሥፍራውን፣ ሰዓቱን፣ ጥበቃውንና ክትትሉን ሊይዙ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ሥራ ቆጠራ ነው። በማኅበሩ ክልል ስንት የ7ኛ፣ የ8ኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አሉ? ስንቱ ሴቶች ናቸው? በየትኛው ቤት የሚሠራ ሬዲዮ ወይም ዘመናዊ ስልክ ይገኛል? መብራት በሳምንት ስንት ቀን ይቋረጣል? ይህ ሳይታወቅ መሣሪያ መለመን የማሳውን ስፋት ሳይለኩ ዘር እንደመግዛት ይቆጠራል።

ሁለተኛው ሥፍራ መምረጥ ነው። የትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል፣ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ወይም የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ሴቶች ልጆች ሳይመሽባቸው ደርሰው የሚመለሱበት፣ በር የሚቆለፍበትና ዝናብ የማያስገባ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ኢንተርኔቱን በቁጠባ መጠቀም ነው። እዚህ ላይ አንድ ስሌት ማወቅ ይጠቅማል። 20 ደቂቃ የሚወስድ በድምፅ ብቻ የተቀዳ ትምህርት ከ7 እስከ 10 ሜጋ ባይት ያህል ሲይዝ፣ ተመሳሳይ ርዝመት ያለው የምስል ትምህርት ከ100 ሜጋ ባይት በላይ ሊይዝ ይችላል። አርባ ልጆች አንዱን የምስል ትምህርት እያንዳንዳቸው በየስልካቸው ቢያወርዱ ከ4,000 ሜጋ ባይት በላይ ዳታ ይከፈልበታል። አንድ ሰው አንድ ጊዜ አውርዶ በሚሞሪ ካርድ ቢያድለው ግን ክፍያው የአንዱ ብቻ ነው። 32 ጊጋ ባይት የሚይዝ አንድ ካርድ እንዲህ ያሉ ከ250 በላይ የምስል ትምህርቶችን ሊሸከም ይችላል። ይህም ለአንድ የትምህርት ዘመን የሚበቃ ስንቅ ነው። በመሆኑም ኔትወርክ በሚገኝበት ትምህርት ቤት አንድ መምህር ወይም ወጣት በየሳምንቱ መጨረሻ ትምህርቱን አውርዶ ወደየመንደሩ ቢያደርስ ኢንተርኔት በሌለበትም የኢንተርኔት ትምህርት ይደርሳል። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የመማሪያ መጻሕፍትም በዚሁ መንገድ ሊታደሉ ይችላሉ።

አራተኛው ሰዓቱን ከእርሻው ሥራ ጋር ማስማማት ነው። በአካባቢው በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ስለሚበረታ ብዙ ልጆች ከክፍል ይቀራሉ። መስኖ ባለበት ደግሞ በበጋም የልጆች ጉልበት ይፈለጋል። የተቀዳ ትምህርት ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ አውድማ ላይ የዋለበትን ቀን ትምህርት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይም እሑድ ሊያገኘው ይችላል። ይህ ሲባል ግን ልጅን ከክፍል ለማስቀረት ሰበብ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል።

አምስተኛው በክፍሉ ውስጥ ሰው ማስቀመጥ ነው። መምህር በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ቢመጣ፣ በቀሩት ቀናት 12ኛ ክፍል የጨረሰ ወጣት ቢረዳ ሥራው ይሄዳል። የወጣቱ ተግባር ትምህርቱን መክፈት፣ በየመካከሉ ማስቆም፣ ያልገባውን ጥያቄ መዝግቦ ለመምህሩ ማስተላለፍና ያልመጣውን ልጅ ቤት ድረስ ሄዶ መጠየቅ ነው። ለዚህ ድካሙ ማኅበሩ ተገቢውን አበል ሊያስብለት ይገባል። ያለ ክፍያ የተጀመረ ሥራ በሦስተኛው ወር ባለቤት እንደሚያጣ በብዙ ኮሚቴዎች ታይቷል።

ስድስተኛው የመሣሪያው ጉዳይ ነው። ኮምፒዩተር ወይም ታብሌት በስጦታ ሲገኝ ርክክብ ተደርጎ ፎቶግራፍ ከተነሣ በኋላ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ አቧራ እንዲጠጣ የሚደረግበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ «ቢሰበር ማን ይጠየቃል?» የሚለው ፍርሃት ነው። ማኅበሩ አስቀድሞ የአጠቃቀም ደንብና አነስተኛ የጥገና ገንዘብ ካዘጋጀ ይህ ፍርሃት ይቀንሳል። ባትሪ ያረጃል፤ ቻርጀር ይቃጠላል፤ ይህም እንደ ሞፈርና ቀንበር ስብራት በዕቅድ ውስጥ የሚገባ ወጪ ነው።

መስፋፋት ያለበት መቼ ነው?

አንድ ፕሮግራም ተጀምሮ ገና ውጤቱ ሳይታይ «በሁሉም ቀበሌ ይስፋፋ» የሚል መመሪያ መውጣቱ የተለመደ ስሕተት ነው። ከዚህ ይልቅ በአንድ ወይም በሁለት መንደር፣ በአንድ ወይም በሁለት የትምህርት ዓይነት፣ ለምሳሌ በሒሳብና በእንግሊዝኛ መጀመር ይመረጣል። መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት አጭር ፈተና ይሰጣል፤ በየወሩ መጨረሻም ተመሳሳዩን ይደግማል። በስብሰባ ላይ መቅረብ ያለበት ሪፖርት የተገዛው መሣሪያ ብዛት ሳይሆን ስንት ልጅ በየሳምንቱ እንደመጣ፣ ከእነሱም ስንቱ ሴቶች እንደሆኑና የፈተና ውጤታቸው ምን ያህል እንደተለወጠ የሚያሳየው ነው።

ውጤቱ ካልተለወጠ ምክንያቱ ይመረመራል። ሰዓቱ አልተስማማ ይሆናል፤ ትምህርቱ ከልጆቹ ደረጃ በላይ ሆኖ ይሆናል፤ ወይም ረዳቱ በቂ ሥልጠና አላገኘ ይሆናል። በሁለት መንደር የታረመ ስሕተት በሃያ መንደር አይደገምም። ውጤቱ ከተሻሻለ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ መንደሮች ረዳቶች ለቀጣዮቹ አሠልጣኝ ሊሆኑ ይችላሉ።

በዚህ ረገድ ማኅበራቱ ብቻቸውን ሊሸከሙት የማይገባ ነገር መኖሩም መታወቅ አለበት። መምህር መመደብ፣ የመብራትና የኔትወርክ መስመር ማድረስ፣ በትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ማቅረብ የመንግሥት ድርሻ ነው። ፈተናው በኮምፒዩተር እንዲሆን የወሰነው ወገን ልጆቹ ከፈተናው በፊት በኮምፒዩተር የሚለማመዱበትን ሁኔታ የማመቻቸት ግዴታ አለበት። የማኅበር መሪዎች ይህን በተጨባጭ መረጃ ተደግፈው ሲጠይቁ ተሰሚነታቸው ከፍ ይላል። ቆጠራው አስቀድሞ እንዲካሄድ የሚያስፈልግበት ሌላው ምክንያትም ይኸው ነው።

የትምህርት ዘመን ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ባሉት የክረምት ሳምንታት በየማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ቢቀርቡ ሥራው መልክ ይይዛል። ትምህርቱን የት እንቀበላለን? ማን ይይዘዋል? ወር ሲሞላ ውጤቱን ማን ይነግረናል? ለሦስቱም የሰው ስም፣ የቤት ቁልፍና የተቆረጠ ቀን ተይዞ የወጣ ማኅበር ሥራውን ጀምሯል ማለት ይቻላል።